ሁለት ዳስ፣ አንድ ቅሬ

የድኅረ ምረቃ ትምህርቴ የሃይማኖቶች ምክክር፣ ሰላምና ዕርቅ ነው ስል ሰው መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ፣ «እሱንም ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል እንዴ?» ይለኛል። አክስቴ ደግሞ ቡናዋን እየቀዳች፣ «ይህንንማ እናቶቻችን ሳይማሩ ይኖሩት አልነበር?» አለችኝ። የአክስቴ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይልቅ ሲከተለኝ ቆይቷል። መልሱን ያገኘሁት ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ ልሰበስብ ወሎ ሄጄ፣ ያቀድኩት ሁሉ አንድ በአንድ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ትምህርቱን እወደዋለሁ፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሌሎች ሃይማኖቶች ያወጣችውን መግለጫ አንብበናል። 138 የሙስሊም ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2007 ለክርስቲያን መሪዎች በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ ላይ ተከራክረናል። የኖርዌዩ ዮሃን ጋልቱንግ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጽሑፍ ጥይት ስለቆመ ብቻ ሰላም ሆነ እንደማይባል፣ ሰውን በድህነትና በበደል የሚያኖረው ሥርዓትም መቃናት እንዳለበት ያስረዳል። አሜሪካዊው ጆን ፖል ሌደራክ ደግሞ ዕርቅን እውነት፣ ምሕረት፣ ፍትሕና ሰላም የሚገናኙበት ቦታ አድርጎ ያየዋል። ከአራቱ አንዱ ከቀረ ዕርቁ ጎደሎ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ልቤን የነካው ግን የናይጄሪያዋ የካዱና ታሪክ ነው። ፓስተር ጄምስ ዉዬና ኢማም መሐመድ አሻፋ በየወገናቸው የታጠቁ ወጣቶችን ያሰልፉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 በተነሣው ግጭት ፓስተሩ እጁን አጣ፤ ኢማሙ ሁለት የአጎቱን ልጆችና መንፈሳዊ መምህሩን ቀበረ። ሊበቃቀሉ ይፈላለጉ የነበሩት እነዚህ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1995 አብረው መሥራት ጀመሩ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ዕርቅ የሚያስተምሩ ሆነዋል። ስለ እነሱ የተሠራውን ፊልም አይተን ስንጨርስ መምህራችን፣ «እነዚህ ሰዎች እንዴት ቻሉ?» ብለው ጠየቁን። ከክፍሉ አንድም ሰው አልመለሰም። እኔም ያን ዝምታ ይዤ ወጣሁ።

ምክንያቱም ጥያቄው የናይጄሪያ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጥለዋል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ፣ መቃብሩና ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን በሆኑበት ቦታ፣ አንድ ታላቅ ሼህ ሲቀበሩ የተነሣ ጠብ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጥፏል። ይህችው አገር ደግሞ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ ለእኩልነታቸው ሲሰለፉ ብዙ ክርስቲያኖች አብረዋቸው የወጡባት ናት። ሁለቱም እኛ ነን። አንዱ ቀን ከሌላው የሚለየው በምንድን ነው? ይህን ለማወቅ ነበር የወሎን አበጋሮች ላጠና የተነሣሁት። አበጋር፣ በተለይ በሰሜን ወሎ፣ ሰው ሲጣላና ደም ሲፈስ የሚጠራ የዕርቅ አባት ነው። አበጋርነት በአብዛኛው በዘር ይወርዳል። አበጋሮቹ ሙስሊሞች ቢሆኑም ክርስቲያኑም ይቀበላቸዋል፤ ምርቃታቸው ይፈለጋል፣ እርግማናቸው ይፈራል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ ተነሣን። ቦርሳዬ ውስጥ የታተመ መጠይቅ፣ የፈቃደኝነት መግለጫ ቅጽ፣ የድምፅ መቅጃና አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ ከመውረዱ የተነሣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አፍ ላይ እስክንደርስ አልታየንም። ዋሻውን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር አውቶቡሱ ያልተለመደ ድምፅ አሰማ፤ ሾፌሩ እንደምንም ደብረ ሲና አድርሶን ቆመ። ዕቃ ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ተሳፋሪው በየሱቁ በረንዳ ተጠልሎ የደብረ ሲናን ቆሎ ይቆረጥማል።

አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። ወዴት እንደምሄድ፣ ምን እንደምማር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ቦሩ ሜዳንስ ያስተምሯችኋል?» አሉኝ።

«በታሪክ ክፍል ትንሽ ተምሬያለሁ፣ አባባ» አልኳቸው።

«በዕርቅ ክፍልም ይማሩት እንጂ!» አሉ።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ጉባኤ አድርገው የኦርቶዶክስን የሃይማኖት ክርክር እዚያ ዘጉ። ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት፣ የልጅ ኢያሱ አባት፣ እኒህ ናቸው። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ደግሞ አሻፈረኝ ብለው ተዋጉ። ብዙ ሰው ተሰደደ፣ ብዙ ሰው ሞተ። ሽማግሌው ይህን ሁሉ የትናንት ያህል ነገሩኝ። «የአያቴ አባት ሁለት ስም ነበራቸው» አሉኝ፤ «አንዱን በአደባባይ ይጠሩበታል፣ በሌላው ሌሊት ይሰግዱበታል። ዘፈኑ ወሎ ፍቅር ነው ይላል፤ እውነት ነው። ግን ፍቅሩ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደልንም። ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ ሰዎች ተቀምጠው የሠሩት ነው። ጻፊው።»

ጻፍኩት። ስለ ወሎ የሰማኋቸውና ያነበብኳቸው አብዛኞቹ ነገሮች መቻቻሉን እንደ አየር ንብረት የሚቆጥሩ ነበሩ፤ ወሎየ ሲፈጠር ገር ነው፣ አለቀ። ይህ አባባል ለወሎ ሰው ክብር የሚሰጥ ይመስላል እንጂ ድካሙን ይሰርቀዋል። የበደል ትዝታ እያለ አብሮ ለመኖር የወሰነ ሰው ገር ስለሆነ ብቻ አይደለም የወሰነው።

ማታ ደሴ ገብተን አደርን። በነጋታው በሐይቅና በውጫሌ አድርገን መርሳ ደረስን። መርሳ የማንጎና የፓፓያ ከተማ ናት፤ ዓርብ ከሰዓት ነበር። ደብዳቤዬን ይዤ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሮጥኩ። የተቀበለኝ ወጣት ደብዳቤውን አንብቦ መለሰልኝ። ደብዳቤውን የጻፈው ክፍል የሌላ ወረዳ ስም አስገብቶበታል። ወጣቱ ትሑት ነው፤ ግን ቁርጥ አድርጎ፣ «ለእኛ ያልተጻፈ ደብዳቤ ልቀበል አልችልም። ሰኞ አስተካክለው ይላኩልሽ። እስከዚያ መጠይቅ ማስሞላት፣ ድምፅ መቅዳት አይቻልም» አለኝ። የጻፉት ሰዎች ጋር ብደውል ስልክ የሚያነሣ አልተገኘም።

ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። የቤቱ ባለቤት ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «አበጋር ነው የምትፈልጊው? ነገ ከነገ ወዲያ እኔ የምሄድበት ይመጣሉ» አለች። የአጎቷ ልጅ የሞተበት አርባኛ ቀን ደርሶ ተዝካሩ እሑድ ነው፤ እሷ ልታግዝ ዛሬውኑ ትወጣለች። «ለተዝካር ደብዳቤ አያስፈልግም፤ እንግዳ ነሽ፣ ነይ» ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

ባጃጁ አስፋልቱን ለቆ ወንዙ ድረስ አደረሰን። ከዚያ በላይ በእግር ነው። ሽንኩርት፣ በርበሬና ድፎ የተጫነች አህያ ከፊት ሄደች፤ ቦርሳዬንም በላይዋ አሰሩልኝ። ወንዙ መሐል ስንደርስ ከላይ ጩኸት ተሰማ፦ «ደራሽ! ደራሽ ውሃ!» ማዶ የነበሩ ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። አንዱ ክንዴን ያዘኝ፤ ጣቶቹ ለሦስት ቀን ሰንበር ጥለውብኝ ነበር። ውሃው ከጉልበቴ ወደ ወገቤ ሲደርስ ደቂቃ አልፈጀበትም። አህያዋ እየተንገዳገደች ወጣች፤ ጭነቱ ግን ተፈትቶ ቦርሳዬን ከነመጠይቁ፣ ከነመቅጃው፣ ከነስልኬ ውሃው ወሰደው። ዳር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የወራት ዝግጅቴ ነበር። ክንዴን የያዘኝ ልጅ የአንገት ልብሱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ «እህቴ፣ ነፍስሽ ተርፋለች፤ አልሐምዱሊላህ በይ» አለኝ። ባለ ሻይ ቤቷም ሦስት ጊዜ አማተበች።

እንዲህ ሆኜ፣ ባዶ እጄን፣ ሐዘንተኛ ቤት ገባሁ። የሟች ባለቤት ልብሷን አውጥታ አለበሰችኝና እሳት ዳር አስቀመጠችኝ። በነጋታው ቅዳሜ ደግሞ ሽንኩርት ላይ ተሰማርቼ ዋልኩ።

በግቢው ውስጥ የተተከሉት ዳሶች ሁለት ናቸው። አንዱ ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ለሙስሊሙ፤ በመካከላቸው ሃያ እርምጃ የማይሞላ ቦታ አለ። የሟች ባለቤት በሬውን ለክርስቲያኑ ዳስ አሳረደች። ለሙስሊሙ ዳስ ሁለት ፍየሎችና አንድ ወይፈን ገዝታ ከነነፍሳቸው ለሙስሊም ጎረቤቷ አስረከበች። እሱ በራሱ ግቢ፣ በራሱ ቢላዋ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ አረደ። ሚስቱና የአካባቢው ሙስሊም ሴቶች በራሳቸው ድስት ወጡን ሠሩ። ከሙስሊሞቹ ድስቶች እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ጭልፋው፣ ሰታቴው፣ የሥጋ መክተፊያው ሁሉ ለየብቻ ነው። እንጀራውና ቡናው ግን የጋራ ነው፤ ሽንኩርቱንም የምንከትፈው አንድ ላይ ተቀምጠን ነው።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና በመጀመሪያ ልዩነቱ ከበደኝ። አብሮ መኖር ማለት አብሮ ከአንድ ድስት መብላት ይመስለኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት፣ በአካባቢው አጠራር ዱበርቲ የሚሏቸው፣ ዱዓቸው የሚሰማላቸው ሴት፣ ቀዩን ክር ሳይ አዩኝና ያስረዱኝ ጀመር። «ጭልፋው ከተሳሳተ እንግዳው ሳይበላ ይሄዳል። ዛሬ ሳይበላ የሄደ ነገ ለቅሶ አይመጣም። ባለቤቲቱ ይህን ስለምታውቅ የራሷን ሴቶች ከድስታችን ታርቃለች። እኛም በሰደቃችን ቀን እንዲሁ እናደርግላታለን።» ሁለቱን ድስት ለይቶ የሚያቆመው ሰው የሌላውን ሃይማኖት ከነዝርዝሩ ያውቃል። ያከብረዋል፣ ለማክበሩም ገንዘብና ጉልበት ያወጣል። በየጉባኤው አዳራሽ «መከባበር» እያልን የምንጽፈው ነገር እዚህ በወይፈን ዋጋ ይከፈላል።

ሥራውን ሁሉ የሚያዘው ቅሬው ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ጸሐፊው አንድ ሙስሊም ወጣት ነው፤ ገንዘብ ያዡ ክርስቲያን። ደብተሩን ለምኜ አየሁት። እንጨት ያመጣ፣ ውሃ የቀዳ፣ ዳስ የተከለ፣ ቀርቶ የተቀጣ፣ ሁሉም በስም ሰፍሯል። ወርቁ ከሰይድ ቀጥሎ፣ ፋጡማ ከአበበች በላይ ተጽፈዋል፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ የራሱ ስም የሙስሊም፣ የአባቱ ስም የክርስቲያን ነው። ለቅሶ ያልደረሰ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ ይቀጣል። ለአክስቴ የምሰጠው መልስ ይህ ነበር፦ አዎ፣ እናቶቻችን ኖረውታል፤ ሲኖሩት ግን ሕግ ነበራቸው፣ መዝገብ ነበራቸው፣ ቅጣት ነበራቸው። ይህን ሁሉ ካልተማርነው ከየት እናመጣዋለን?

ቅዳሜ ማታ አበጋሩ ሼህ መጡ። የሰውነታቸው ትንሽነት ድምፃቸውን አይመስልም። ሲገቡ ሁሉም ብድግ አለ፤ የደብሩ መሪጌታም ተነሥተው አጠገባቸው አስቀመጧቸው። ነገሩ ተዝካር ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በሚያዝያ፣ ውሃ በጠፋበት ወር፣ በመስኖ ተራ ጠብ ተነሥቶ ነበር። ተራው የአንድ ሙስሊም ገበሬ ሆኖ ሳለ የክርስቲያን ጎረቤቱ ልጅ ሌሊት ቦዩን ወደ ሽንኩርቱ መለሰው። የባለተራው ልጅ ደርሶ በአካፋ እጀታ ራሱን ፈነከተው። ልጁ መርሳ ጤና ጣቢያ ተሰፍቶ ተረፈ። ጉዳዩ በፖሊስ ተይዟል፤ የሁለቱ ቤተሰብ ወጣቶች ግን እየተፈላለጉ ነው፣ አንዳንዱም ጠቡን የሃይማኖት ማድረግ ጀምሯል። የተፈነከተው ልጅ ደግሞ ለሟች ባለቤት የእህት ልጅ ነው። እሷም ለሼሁና ለመሪጌታው ቁርጧን ነገረቻቸው፦ «ሁለቱ ወገን ተቀያይሞ የባለቤቴን ተዝካር አይበላም። እስኪታረቁ ምግብ አይወጣም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ሞላ። ወጡ በስሏል፣ እንጀራው ተደርድሯል፤ ማንም አልተነሣም። ወንዶቹ ከዋርካው ሥር ክብ ሠሩ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ መሪጌታው ቀጥለው ጸለዩ። በመጀመሪያ የተጠየቀው የውሃ አባት ነው፤ የመስኖውን ተራ የሚያዘው እሱ ነውና። ተራው የማን እንደነበር፣ ውሃው በስንት ሰዓት እንደተጠለፈ ተናገረ። ከዚያ የተፈነከተው ልጅ አባት፣ ቀጥሎ የፈነከተው ልጅ አባት ተናገሩ። አንዱ ሲናገር ሌላው ሊያቋርጥ ሲል ሼሁ ዘንጋቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ዝም ይላል። ልጆቹም ተናገሩ። ውሃ የሰረቀው መስረቁን፣ የመታው መምታቱን ሳይሸፋፍኑ ከአፋቸው አወጡ። እውነቱ ሳይነገር አንድም ሰው «ይቅር ተባባሉ» አላለም። ሌደራክን ያን ቀን ከመጽሐፉ ይልቅ ዋርካው ሥር ተረዳሁት።

ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ወጥተው ተመካከሩ። ውሃ የጠለፈው ቤት ለቅሬው ቅጣት ይከፍላል። የመታው ቤት የሕክምናውን ወጪና ልጁ ሥራ የፈታበትን ቀን ይክሳል። የተበዳዩ አባት ከካሳው ላይ ለሽማግሌ ብሎ ጥቂት ቀነሰ። አለቀ ሲባል ሼሁ፣ «እናቱስ?» አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ወደ እኛ፣ ሴቶቹ ወዳለንበት ዳስ ተላኩ። እናትየዋ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየች። ቀና ስትል፣ «ልጄን ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ራሱን ያመዋል። ከርሞ ሲያመው የሚያሳክመው ማነው?» አለች።

ሽማግሌዎቹ ቃሏን ይዘው ተመለሱ። ክቡ ውስጥ ይህን ያሰበ አልነበረም። ውሳኔው ተከፍቶ፣ ልጁ እስከ መጪው ዓመት ድረስ ከዚሁ ጉዳት ጋር በተያያዘ ቢታመም የመታው ቤት እንዲያሳክመው ተጨመረበት። ዋስ ሲጠራ ለሙስሊሙ ቤት የቆመው ክርስቲያን፣ ለክርስቲያኑ ቤት የቆመው ሙስሊም ሆነ። እያንዳንዱ በየሃይማኖቱ ማለ። ፋቲሃ ተደረገ። ልጆቹ ጉልበት ስመው ተነሡና ተቃቀፉ፤ አባቶቹም እንዲሁ። ሽማግሌዎቹ ሰኞ መርሳ ወርደው ለፖሊስ ሊያሳውቁ ተስማሙ። ከዚህ በኋላ ነው ባለቤቲቱ፣ «በሉ፣ አውጡ» ያለችው፤ ከሁለቱም ዳስ ምግብ ወጣ።

ከምሳ በኋላ ሼሁ ቡና ሲጠጡ ቀርቤ አነጋገርኳቸው። መቅጃ የለኝም፣ ቅጽ የለኝም። ጥያቄዎቼን ግን በቃሌ አውቃቸው ነበርና አንዱን ጠየቅኳቸው፦ «ስለ ሌላው ሃይማኖት ያለዎትን አመለካከት ከ1 እስከ 5 ቢለኩት ስንት ይሰጡታል?»

ፊታቸው ላይ ቁጣም ፌዝም አልነበረም። «ልጄ፣ እኔ ስለ ሃይማኖቱ አልተጠየቅሁም» አሉኝ። «ስለ ልጁና ስለ ውሃው ነው የተጠየቅሁት። ስለ ሃይማኖቱ መሪጌታው አለለት።» ያየሁትን ብጽፍ ፈቃዳቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «የልጆቹን ስም አትጥሪ፤ ሌላውን ጻፊ» አሉ። ሰኞ ቅጽ አምጥቼ ይፈርሙልኝ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ አጠገባቸው ወደነበሩት ሁለት ሽማግሌዎች አመለከቱ፦ «ምስክሮቼ እነዚህ ናቸው። እነሱ ፊት ብያለሁ።»

የትምህርቱን ዓለም አላቃልልም። የካዱናውን ታሪክ ያወቅሁት ከክፍል ነው፤ የሥርዓት በደልን ማየት የተማርኩት ከጋልቱንግ ነው። በዚያው ዓይን ወሎ ላይም ጉድለት አየሁ። የዕርቁ ምግብ በሴት እጅ ነው፣ ቁልፉ ቃል ከሴት አፍ ወጣ፣ ሴት ግን ክቡ ውስጥ አልተቀመጠችም። ያቺ እናት ሼሁ ባያስቧት ኖሮ የልጇ ሕክምና ይቀር ነበር። ሴት ስትደፈር ወይም ስትደበደብ ደግሞ በሽምግልና የሚዳፈን ጉዳይ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያ ዕርቅ ሊባል አይገባውም። ባህሉን የምንወድ ሰዎች ይህን ደፍረን መናገር አለብን።

አገር አቀፉም ሥራ ያስፈልጋል። የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤያችን እ.ኤ.አ. በ2010 ተመሥርቷል። የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1102/2011 ተቋቁሞ ዘመኑ አብቅቷል፤ አገራዊ ምክክር ኮሚሽንም በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ተቋቁሟል። ታላላቅ አባቶች በአንድ መድረክ ተቀምጠው ሲታዩ ደስ ይለኛል። ነገር ግን መድረኩ ላይ የሚባለው ቃል ቦዩ ዳር ካልደረሰ፣ ሌሊት አካፋ ያነሣውን ልጅ የሚያስቆመው የለም። ያንን ልጅ የሚያቆመው ቅሬው፣ የውሃ አባቱ፣ አበጋሩና መሪጌታው ናቸው።

እነሱ ደግሞ እያለቁ ነው። ሼሁ አበጋርነቱን የሚወርስ ልጅ አጠገባቸው የላቸውም፤ አንዱ ጂዳ ነው፣ ሌላው አዲስ አበባ። ከዚያ አገር በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ያልተጓዘ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። የቀረው ወጣት ስልኩ ላይ ሌላውን ሃይማኖት የሚሰድብ ሰባኪ በየሰዓቱ ይደርሰዋል፤ የመስኖ ጠብ በአንድ ቀን የሃይማኖት ጠብ ሊሆን ጫፍ የደረሰውም በዚህ ነበር። አንድ አበጋር ሲሞት የሚያውቀው የዕርቅ ሥርዓት ተጽፎ አልተቀመጠም።

ሰኞ መርሳ ተመለስኩ፤ ደብዳቤው አልመጣም ነበር። አዲስ አበባ ስገባ ጽሑፌን የሚመለከቱት ሰዎች የተሞላ መጠይቅ ጠየቁኝ። ውሃ እንደወሰደው ነገርኳቸው፤ ያየሁትንም ጽፌ አቀረብኩ። ከብዙ ክርክር በኋላ ጥናቱ በአንድ መንደር ላይ እንዲያተኩር ተፈቀደልኝ፤ በጥቅምት በትክክለኛው ደብዳቤ ተመልሼ ሼሁን፣ መሪጌታውን፣ የውሃ አባቱን፣ ባለቤቲቱንና ያቺን እናት በሚገባ አነጋገርኳቸው።

አሁን የምጠይቀው ይህን ነው። የሰላምና የዕርቅ ትምህርት የምትሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ተማሪዎቻችሁን መጠይቅ አስይዛችሁ ከመላካችሁ በፊት አንድ ወቅት ከአንድ አስታራቂ ሽማግሌ ሥር አስቀምጧቸው፤ ሽማግሌውንም እንደ መምህር ቆጥራችሁ ክፈሉት፣ ወደ ክፍልም ጥሩት። ሴቶቹንም አትርሱ፤ ድስቱን የሚለዩት እጆች ክቡ ውስጥ ወንበር ይገባቸዋል። እናንተ በከተማም በውጭ አገርም ያላችሁ አንባቢዎች፣ የሰፈራችሁን ዕድር መዋጮ ከመክፈል አልፋችሁ ስብሰባው ላይ ተገኙ፤ ጎረቤታችሁ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ እወቁ፤ ለሰደቃውም ለተዝካሩም ሁለተኛውን ድስት ጣዱ። የሚያስታርቅ ሽማግሌ ያላችሁ ደግሞ በሕይወት ሳለ ጠይቁት፣ ያስተማራችሁንም ጻፉት።